ሁሉም «ቫይረስ» አይደለም፦ የጎጂ ሶፍትዌሮች አጭር ታሪክ

ኮምፒውተራችን ሲንቀራፈፍ «ቫይረስ ገብቶበታል» እንላለን። ፍላሽ ውስጥ ያሉት ፎልደሮች ወደ ሾርትከት ሲለወጡም «ቫይረስ» ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ፋይል ተቆልፎ «ካልከፈላችሁ አይከፈትም» የሚል ጽሑፍ ሲመጣም «ቫይረስ» ነው። የአንድ ጋዜጠኛ ስልክ እሱ ሳያውቅ ማይክሮፎኑ ተከፍቶ ሲደመጥበትም ያው «ቫይረስ» ነው። ለሁሉም ያለን መድኃኒት አንድ ነው፤ ኮምፒውተር ቤት ወስዶ «ፎርማት አድርጉልኝ» ማለት።

አበው «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። በሽታውን በስሙ መጥራት ያልቻለም ዕጣው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ወባን፣ ስኳርንና ስብራትን በአንድ ክኒን የሚያክም ሐኪም ቢገጥማችሁ ትሸሹታላችሁ። በኮምፒውተርና በስልክ ላይ ግን ሁላችንም እንዲህ ዓይነት ሐኪሞች ነን።

ባለሙያዎቹ ጎጂ ሶፍትዌሮችን በጅምላ «ማልዌር» ይሏቸዋል። ቫይረስ ከእነዚህ አንዱ ብቻ ነው። አንዱን ከሌላው የሚለዩት ሦስት ቀላል ጥያቄዎች ናቸው፦ በምን በር ገባ? በራሱ ይራባል ወይስ ሰው ይሸከመዋል? ገብቶስ ምን ይፈልጋል? ስሞቹ ከደረቅ መማሪያ መጽሐፍ የወጡ አይደሉም፤ ከእያንዳንዱ ስም ጀርባ ሰው፣ ከተማና ክስተት አለ። ስለዚህ ልዩነቱን በታሪኩ በኩል እንየው። (ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ቫይረስ፦ ተሸካሚ የሚፈልገው

ነገሩ የተጀመረው በክፋት አልነበረም። በ1971 የዛሬው ኢንተርኔት አያት የሆነው አርፓኔት ገና በጣት የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን ብቻ ያገናኝ ነበር። ቢቢኤን በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው ቦብ ቶማስ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው መዘዋወር የሚችል የሙከራ ፕሮግራም ጻፈ፤ ስሙንም ክሪፐር አለው። ክሪፐር በደረሰበት ሁሉ «እኔ ክሪፐር ነኝ፤ ከቻልክ ያዘኝ» የሚል መልእክት ያሳያል። ጉዳቱ ይኸው ነው። ብዙም ሳይቆይ የሥራ ባልደረባው ሬይ ቶምሊንሰን ክሪፐርን እያሳደደ የሚያጠፋ ሪፐር የተባለ ሌላ ፕሮግራም ሠራ። ቶምሊንሰን በኢሜይል አድራሻችን መሐል ያለችውን ምልክት የመረጠልን ሰው ነው። በሽታውም መድኃኒቱም የተወለዱት አንድ ቢሮ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

በ1982 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የሚኖር ሪች ስክሬንታ የተባለ የ15 ዓመት ተማሪ ጓደኞቹን ሊያሾፍባቸው ኤልክ ክሎነርን ጻፈ። ፕሮግራሙ በአፕል 2 ኮምፒውተሮች ፍሎፒ ዲስክ ላይ ተደብቆ ከዲስክ ወደ ዲስክ ይገለበጣል፤ በየ50ኛው ጊዜ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አጭር የቀልድ ግጥም ስክሪኑ ላይ ያወጣል። ከቤተ ሙከራ ውጭ በሰዎች መካከል ከተሰራጩት የመጀመሪያው ተደርጎ ይቆጠራል።

ስሙ የመጣው በዓመቱ ነው። በ1983 የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ፍሬድ ኮኸን ራሱን ከሌላ ፕሮግራም ጋር አጣብቆ የሚባዛ ኮድ ሠርቶ አሳየ። «ቫይረስ» እንዲባል ሐሳብ ያቀረበው መምህሩ ሌናርድ ኤድልማን ነው። ስያሜው በዘፈቀደ አልመጣም። የሰውነት ቫይረስ ብቻውን አይኖርም፤ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ በሕዋሱ ጉልበት ይባዛል። የኮምፒውተር ቫይረስም እንዲሁ ከሌላ ፕሮግራም ወይም ፋይል ጋር ተጣብቆ ይኖራል፤ ያ ፋይል እስኪከፈት ድረስም ይተኛል። ከፋችና ተሸካሚ ከሌለው የትም አይደርስም።

በ1986 የዓለምን የግል ኮምፒውተሮች ያዳረሰው ብሬይን የተባለው ቫይረስ የተነሣው ከፓኪስታን ላሆር ነው። ባሲትና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ የተባሉ ወንድማማቾች ትንሽ የኮምፒውተር ሱቅ ነበራቸው። የሠሩት የሕክምና ሶፍትዌር ያለ ፈቃድ እየተገለበጠ ስላስቸገራቸው መገልበጡን ለመከታተል እንደጻፉት ተናግረዋል። የሚገርመው ኮዱ ውስጥ ስማቸውን፣ የሱቃቸውን አድራሻና ስልክ ቁጥራቸውን መጻፋቸው ነው። ዛሬ ማንም የማይሞክረው ነገር ነው። ስልካቸው ግን ከማያውቋቸው አገሮች ይጮህ ጀመር። ፍሎፒ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ውቅያኖስ ተሻግሮ ነበር።

2. ትል፦ በራሱ የሚሄደው

ቫይረስ ተሸካሚ ይፈልጋል ብለናል። ተሸካሚ የማይፈልግስ? እሱ «ትል» ይባላል፤ በእንግሊዝኛው ዎርም። ስሙን ያገኘው ጆን ብራነር በ1975 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው፤ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ያሉ ተመራማሪዎች ከልብ ወለዱ ወስደው የሙከራ ፕሮግራሞቻቸውን እንዲህ ብለው ጠሩ።

ዓለም የትልን ትርጉም የተረዳው ግን ኅዳር 2 ቀን 1988 ምሽት ላይ ነው። ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ አንድ ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። ምንጩ እንዳይታወቅበት የለቀቀው ከሌላ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኤምአይቲ ኮምፒውተር ነበር። አባቱ ደግሞ በአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ሥር የኮምፒውተር ደኅንነት ሳይንቲስት ነበሩ። ፕሮግራሙ ማንም ሰው ፋይል እንዲከፍትለት አይጠብቅም፤ በስርዓቶቹ ውስጥ የነበሩ ክፍተቶችን እየፈለገ፣ ደካማ የይለፍ ቃል እየገመተ ራሱ ይገባል።

ሞሪስ ኮምፒውተሮቹን ማፍረስ አልፈለገም። ትሉ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ሌላ ቅጂ ቀድሞ መኖሩን ይጠይቃል፤ ካለ ይመለሳል። ነገር ግን አንድ ብልጥ ባለሙያ «አለ» የሚል የሐሰት መልስ አዘጋጅቶ እንዳያስቆመው፣ መልሱ «አለ» ቢሆንም ከሰባት ጊዜ አንዱን እንዲገባ አዘዘው። ያቺ አንድ ሰባተኛ ናት ጉድ የሠራችው። አንድ ኮምፒውተር ላይ ቅጂዎች እየተደራረቡ ማሽኑን አንቀው ያዙት። በወቅቱ ኢንተርኔት ላይ ከነበሩት 60,000 ገደማ ኮምፒውተሮች 6,000 ያህሉ እንደተያዙ ተገመተ። ሞሪስ በ1990 ጥፋተኛ ተብሎ የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና የ10,050 ዶላር መቀጮ ተፈረደበት። በኋላ የዚያው የኤምአይቲ ፕሮፌሰር ሆኗል።

የትል ፍጥነት ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ጥር 2003ን ማየት ይበቃል። ስላመር የተባለው ትል ጠቅላላ መጠኑ 376 ባይት ነበር፤ ይህን አንቀጽ እንኳ አያህልም። በመጀመሪያው ደቂቃ የተያዙት ኮምፒውተሮች ቁጥር በየ8.5 ሰከንዱ እጥፍ ይሆን ነበር። በ10 ደቂቃ ውስጥ በዓለም ላይ ሊያዙ ይችሉ ከነበሩት አብዛኞቹን ያዘ። ስላመር የገባበትን ክፍተት የሚዘጋው ማስተካከያ ግን ከስድስት ወር በፊት ወጥቶ ነበር።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ጠቃሚ ይሆናል። ለቫይረስ «የማታውቀውን ፋይል አትክፈት» የሚለው ምክር ይሠራል። ለትል አይሠራም፤ ምንም ሳትከፍት ይገባብሃል። ለትል የሚሠራው «አፕዴት አድርግ» የሚለው ነው። «ዳታ ይበላብኛል» ብለን ለወራት የምናዘገየው አፕዴት ማለት የትል መግቢያ በር ሆኖ የቆየ ክፍተት ማለት ነው።

ፎልደሮችን ወደ ሾርትከት የሚለውጠው የፍላሽ ችግርም በባለሙያዎች ምደባ አብዛኛውን ጊዜ ትል ነው። ከፍላሽ ወደ ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተሩ ወደ ቀጣዩ ደንበኛ ፍላሽ ራሱን ይገለብጣል። ፕሪንት ቤትና ኢንተርኔት ካፌ የሚወድደው ለዚህ ነው፤ በቀን ስንት ፍላሽ እዚያ ይሰካል! ግን ልብ በሉ፦ ይህ ትል በተለመደው መልኩ ፋይሎቻችሁን አያጠፋም፤ ይደብቃቸውና በቦታቸው የውሸት ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ስትጫኑ ትሉም ይነሣል፣ ፎልደሩም ይከፈታል። ፋይሎቹ እዚያው አሉ። ኮምፒውተር ቤቱ «ቫይረስ ነው» ብሎ ፍላሹን ፎርማት ሲያደርገው ግን ትሉ ያልነካውን የመመረቂያ ጽሑፍ ሰውየው አጠፋው ማለት ነው። ስም አለመለየት እንዲህ ያስከፍላል።

3. ፈረሱ፦ ራሳችን ጎትተን የምናስገባው

የትሮይን ፈረስ ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ ግሪኮች በውስጡ ወታደር የደበቁበትን የእንጨት ፈረስ ትተው የሄዱ መሰሉ፣ የትሮይ ሰዎችም በደስታ ጎትተው ወደ ከተማቸው አስገቡት። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በአሜሪካ የኮምፒውተር ደኅንነት ሰዎች «ትሮጃን» የሚለውን ስም የተጠቀሙት ለዚህ ዓይነት ፕሮግራም ነው፦ ላዩ ጠቃሚ፣ ውስጡ ሌላ። በእኛ አገር ቢሆን ጅብ ይሉት ነበር፤ ከማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» ያለው ጅብ።

ትሮጃን ከቫይረስም ከትልም የሚለየው በራሱ አለመራባቱ ነው። መራባት አያስፈልገውም፤ እኛ አለንለት። ሊታወቅ የሚገባው ቀዳሚ ምሳሌ በታኅሣሥ 1989 በፖስታ ቤት በኩል መጣ። 20,000 ገደማ ፍሎፒ ዲስኮች በተለያዩ አገሮች ለሚገኙ ሰዎች ተላኩ። ከተቀባዮቹ መካከል በዓለም ጤና ድርጅት የኤድስ ጉባኤ ላይ የተሳተፉ ይገኙበታል። ዲስኩ ስለ ኤድስ መረጃ እንደያዘ ይናገራል፤ እውነትም ተጋላጭነትን የሚለካ መጠይቅ ነበረው። ከበስተጀርባ ግን ኮምፒውተሩ የተነሣበትን ጊዜ ይቆጥራል። 90 ሲሞላ የፋይሎቹን ስም ይደባልቅና በፓናማ ወዳለ የፖስታ ሳጥን ቁጥር 189 ዶላር እንዲላክ ይጠይቃል። ላኪው ጆሴፍ ፖፕ የተባለ በሃርቫርድ የተማረ ባዮሎጂስት መሆኑ ተደረሰበት፤ ተይዞም የእንግሊዝ ፍርድ ቤት አእምሮው ለፍርድ ብቁ አይደለም ብሎ ለቀቀው። ዛሬ ሆስፒታልና ባንክ የሚዘጋው የቤዛ ንግድ አባቱ ይኸው ዲስክ ነው።

ግንቦት 4 ቀን 2000 ደግሞ ከማኒላ፣ ፊሊፒንስ የተነሣ ኢሜይል ዓለምን ዞረ። ርዕሱ «እወድሃለሁ» ይላል፤ አባሪው የፍቅር ደብዳቤ ይመስላል። ዊንዶውስ የፋይሉን ስም መጨረሻ ስለሚደብቀው ተራ ጽሑፍ መሰለ እንጂ ፕሮግራም ነበር። የከፈተው ሰው አድራሻ መዝገብ ውስጥ ላሉት ሁሉ ራሱን ይልካል፤ ፎቶዎችንና ሌሎች ፋይሎችን በራሱ ቅጂ ይተካል፤ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ፕሮግራምም ሊያወርድ ይሞክራል። በጥቂት ቀናት ውስጥ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ደረሰ። የእንግሊዝ ፓርላማም ኢሜይሉን ለጊዜው ዘጋ።

እሱን ምን እንበለው? ሲገባ ትሮጃን ነው፤ ሲሰራጭ ትል ነው፤ ሲያጠፋ እንደ ቫይረስ የሌላውን ፋይል ይወርሳል። ሦስቱ ጥያቄዎች የሚጠቅሙት ለዚህ ነው፤ አንድ ፕሮግራም ሁለትና ሦስት ባሕርይ ሊይዝ ይችላል። ጸሐፊው ኦኔል ደ ጉዝማን የተባለ የኮሌጅ ተማሪ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ እንዳመነው ያነሣሣው ኢንተርኔት ለመጠቀም የሌሎችን የይለፍ ቃል መፈለጉ ነው። ያኔ ፊሊፒንስ ድርጊቱን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ ስላልነበራት ክሱ ተቋረጠ። ሕጉ የወጣው በቀጣዩ ወር ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ትሮጃን እኛ ቤት የሚገባው በየትኛው በር እንደሆነ መናገር አያስቸግርም፤ «ክራክ» በሚባለው። ያለ ክፍያ የተገኘ ሶፍትዌር «መጀመሪያ አንቲቫይረስህን አጥፋ» ብሎ ሲያዛችሁ፣ ቁርበቱን ለማን እያነጠፋችሁ እንደሆነ አስቡ። በቴሌግራም የሚላክ የስልክ መተግበሪያ ፋይልም ያው ነው።

4. ቤዛ ጠያቂው፦ ዓላማውን በግልጽ የሚናገር

እስካሁን ያየናቸው ሦስቱ ስሞች ስለ መግቢያና ስለ መሰራጫ ይናገራሉ። ራንሰምዌር ወይም ቤዛ ጠያቂ የሚለው ስም ግን ስለ ፍላጎት ነው፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ መጠየቅ። የፖፕ ዲስክ ደካማ የነበረው የሚቆልፈውና የሚከፍተው ቁልፍ አንድ ስለነበረ ነው፤ ባለሙያዎች ኮዱን ፈትሸው መክፈቻ ሠሩለት። በ1996 አዳም ያንግና ሞቲ ዩንግ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ አደገኛ ነገር አስጠነቀቁ፦ የሚቆልፈው ቁልፍ ከሚከፍተው ቁልፍ የተለየ ከሆነ፣ የተያዘውን ኮምፒውተር የፈለጋችሁትን ያህል ብትፈትሹ መክፈቻውን አታገኙም፤ መክፈቻው ያለው ወንጀለኛው እጅ ብቻ ነው። በ2009 ቢትኮይን ሲመጣ ደግሞ የፓናማ ፖስታ ሳጥን አላስፈለገም።

ግንቦት 12 ቀን 2017 ዋናክራይ ተለቀቀ። ፍላጎቱ ቤዛ ነበር፤ 300 ዶላር በቢትኮይን። አካሄዱ ግን የትል ነበር፤ ለዚህ ነው በቀናት ውስጥ በ150 ገደማ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን የያዘው። የገባበት ክፍተት የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ለራሱ ስለላ በምስጢር ይዞት የነበረና ተሰርቆ የወጣ ነው። ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት ማስተካከያውን አውጥቶ ነበር። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ተሰረዘ፤ አምቡላንስ ወደ ሌላ ሆስፒታል ዞረ።

በወሩ፣ ሰኔ 27፣ ኖትፔትያ መጣ። መነሻው ዩክሬን፣ ብዙ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት የግብር ሒሳብ ሶፍትዌር አፕዴት ነበር። እሱም 300 ዶላር ይጠይቃል። ግን የውሸት ነበር፤ የከፈለም ፋይሉን መልሶ የሚያገኝበት መንገድ አልነበረም። ቤዛ ጠያቂ መስሎ የመጣ አውዳሚ ነበር። አሜሪካና እንግሊዝ የሩሲያን ጦር ተጠያቂ አድርገዋል፤ ሩሲያ አስተባብላለች። ዓላማውን ከስሙ ሳይሆን ከሥራው ለይቶ ማወቅ ለከፋዩ የገንዘብ ጉዳይ ነበር።

ከኖትፔትያ ታሪክ አንድ ነገር ለእኛ ቅርብ ነው። ከዓለማችን ግዙፍ የመርከብ ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ሜርስክ 4,000 ሰርቨሮችና 45,000 ኮምፒውተሮች እንደ አዲስ ለመጫን ተገዷል። የኔትወርኩን የተጠቃሚዎች መዝገብ የሚይዙት ሰርቨሮች በሙሉ እርስ በርስ የተገናኙ ስለነበሩ አንድ ላይ ጠፉ። አንድ ብቻ ተረፈ፤ ጋና ያለው። ለምን? ጥቃቱ ሲደርስ ጋና ውስጥ መብራት ጠፍቶ ስለነበረ! መረጃው በኢንተርኔት ለመላክ በመክበዱ በእጅ እንዲወሰድ ተወሰነ፤ የጋናዎቹ ሠራተኞች ደግሞ የእንግሊዝ ቪዛ አልነበራቸውም። አንዱ ወደ ናይጄሪያ በርሮ ቪዛ ላለው ባልደረባ ኤርፖርት ላይ አስረከበ። ግዙፉን ኩባንያ ያዳነው የመብራት መጥፋት ነው። በዚህ ቀልድ ውስጥ ያለው ቁም ነገር ግን ጥብቅ ነው፦ ከኔትወርክ ተነቅሎ የተቀመጠ ቅጂ ብቻ ነው ቅጂ የሚባለው።

5. ድምፅ የሌላቸው

ሁለቱን በአጭሩ ልለፋቸው። ሩትኪት የሚባለው ሥራው መደበቅ ነው፤ ሌላውን ጎጂ ፕሮግራም ከባለቤቱም ከአንቲቫይረሱም ዓይን ይሰውራል። በ2005 ሶኒ ቢኤምጂ በሸጣቸው የሙዚቃ ሲዲዎች ውስጥ መገልበጥን ለመከላከል እንዲህ ያለ መደበቂያ ማስገባቱን ማርክ ሩሲኖቪች የተባለ ባለሙያ አጋልጦ ኩባንያው ሲዲዎቹን ሰብስቧል። የላሆር ወንድማማቾችን ሰበብ ከ19 ዓመት በኋላ ሙዚቃ ቤት ውስጥ አገኘነው። ቦትኔት ደግሞ የእናንተን መሣሪያ ለሌላ ጥቃት ወታደር ማድረግ ነው። በ2016 ሚራይ የተባለው የደኅንነት ካሜራዎችንና ራውተሮችን የያዘው ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጣቸው የይለፍ ቃል ስላልተቀየረ ብቻ ነው። 60 ያህል የተለመዱ የይለፍ ቃሎችን ዝርዝር ይዞ እየሞከረ ገባ። የካሜራው ባለቤት ምንም አላየም፤ ጉዳቱ የደረሰው ሌላ ቦታ ነው።

6. ሰላዩ፦ በስማችን የተጻፈው ምዕራፍ

ጉዳዩ ከቴክኒክ ወጥቶ ወደ ሕይወት የሚመጣው እዚህ ነው። ሰላይ ሶፍትዌር ወይም ስፓይዌር አይራባም፤ ፋይል አያጠፋም፤ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ኮምፒውተሩንም አያንቀራፍፍ ይሆናል። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ እናንተ ምንም ሳታውቁ እንድትቀጥሉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ከዳር ተመልካች አይደሉም። በመጋቢት 2013 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ፊንስፓይ የተባለውን የንግድ ሰላይ ሶፍትዌር ሲከታተል የግንቦት 7 አባላትን ፎቶ እንደ ወጥመድ የተጠቀመ ናሙና አገኘ፤ መረጃው ይላክለት የነበረው ሰርቨር በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ ላይ ነበር። ታኅሣሥ 20 ቀን 2013 በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ በቤልጂየምና በአሜሪካ ቨርጂኒያ በሚገኙ ሁለት የኢሳት ሠራተኞች ላይ ሙከራ ተደረገ። ሰነድ የመሰለ ፋይል በስካይፕ ተላከላቸው፤ ሲቲዝን ላብ ውስጡ ያገኘው የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ምርት መሆኑን በየካቲት 2014 ይፋ አደረገ። መንግሥት በጊዜው አስተባበለ። በሐምሌ 2015 ሃኪንግ ቲም ራሱ ተጠልፎ ሰነዶቹ ሲወጡ ግን ኢንሳ ከደንበኞቹ ዝርዝር ውስጥ ተገኘ። በታኅሣሥ 2017 ደግሞ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ምርት፣ የፍላሽ ማጫወቻ አፕዴት መስሎ፣ በውጭ በሚኖሩ ተቃዋሚዎችና በኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ የወቅቱ ዋና ዳይሬክተር በጃዋር መሐመድ ላይ መሞከሩ ተገለጸ።

በሦስቱም የሚደጋገመውን አስተውሉ። ፎቶ፣ ሰነድ፣ አፕዴት። ሁሉም ሲገቡ ትሮጃን፣ ከገቡ በኋላ ሰላይ ናቸው። መንግሥት ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ የገዛው መሣሪያ የሚገባው በዚያው በጅቡ በር ነው። የአገር ጉዳይ የሚያንገበግበው ሰው የአገሩን ዜና የያዘ ፋይል መክፈቱ አይቀርም፤ ማባበያው የተዘጋጀው ከፍቅሩ ነው።

ፍትሕስ? ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ ስሙ ሳይገለጽ፣ ቤቱ ባለው ኮምፒውተር ላይ ፊንስፓይ ተገኝቶ የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ላይ ከሰሰ። በመጋቢት 2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ አደረገ፤ ምክንያቱ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም የሚል ነው። ሰላዩ ድንበር ይሻገራል፤ ሕጉ ድንበር ላይ ይቆማል። እዚህ አገር ቤት የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ጎጂ ፕሮግራም ማሰራጨትን ወንጀል ያደርጋል። ያው አዋጅ አስቸኳይ በተባለ ጊዜ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ጠለፋ እንዲጀመርም በር ይከፍታል። አንዱን ፕሮግራም ተማሪ ሲልከው ወንጀል፣ መሥሪያ ቤት ሲገዛው «አቅም ግንባታ» የሚሆንበትን መስመር ማን ያሰምራል? እኔ በበኩሌ መስመሩን ማስመር ያለበት ዳኛ ነው ባይ ነኝ፤ አስቀድሞ፣ በጽሑፍ።

በሩም እየጠበበ መጥቷል። የእስራኤሉ ኤንኤስኦ ፔጋሰስ በ2016 የኤምሬትሱን የመብት ተሟጋች አሕመድ ማንሱርን ለመያዝ ሊንክ እንዲጫን ይፈልግ ነበር፤ አልተጫነም፣ ለተመራማሪዎች አሳለፈው። በኋላ የመጡት ዓይነቶች ግን ምንም መጫን አይፈልጉም። ከትሮጃን ወደ ትል በር ተሸጋግረዋል ማለት ነው፤ መድኃኒታቸውም እንደ ትሉ የስልክን ስርዓት ወዲያው ወዲያው ማደስ ነው።

7. ታዲያ ምን እናድርግ?

ሦስቱን ጥያቄዎች ይዛችሁ ሂዱ። በር ከሆነ ችግሩ፦ የተሰረቀ ሶፍትዌር አትጫኑ፤ ሳትጠብቁት የመጣ ፋይል ከወዳጅም ቢሆን፣ ደውላችሁ ሳታረጋግጡ አትክፈቱ። በራሱ የሚሄድ ከሆነ፦ አፕዴቱን አታዘግዩ፤ የራውተርና የካሜራ የይለፍ ቃል ቀይሩ። ቤዛ የሚፈልግ ከሆነ፦ ዋናው ሥራችሁ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በሚቀመጥ ሌላ ዲስክ ላይ ይኑር። ፍላሻችሁ ሾርትከት ካበቀለ፦ ከፎርማት በፊት የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ምርጫ አብሩ፤ ወይም ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ፈልጉ።

ጋዜጠኛ፣ ጠበቃ ወይም የመብት ተሟጋች ከሆናችሁና ሰላይ ከጠረጠራችሁ ደግሞ፣ ከሁሉ በፊት ፎርማት አታድርጉ። መሣሪያውን ከኢንተርኔት ነቅላችሁ፣ የመጣውን መልእክትና ፋይል እንዳለ አስቀምጣችሁ፣ መመርመር ለሚችል አካል ስጡ። የኢሳትም የሌሎቹም ጉዳይ የታወቀው ናሙናው ስላልጠፋ ነው። ፎርማት የተደረገ ኮምፒውተር ይፈጥናል፤ ማን እንደገባበት ግን ከእንግዲህ ሊመሰክር አይችልም።